ለፎገራ ሽንኩርት አምራቾች፦ የጋራ ፕሮፖዛላችንን እናርም

ሰብሳቢው፦ ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ረቂቁ ላይ ሁለት ሐሳብ አለ። አንዱ የፎገራዋ ከተማ ወረታ ላይ የኮምፒውተር ማዕከል መክፈት፣ ሌላው ለሽንኩርት አምራቾች ዋጋ የሚናገር አፕ ማሠራት። ገንዘቡ ለሁለቱም አይበቃም። እስኪ ሐሳብ ጣል ጣል አድርጉ።

ከወረታ፦ ማዕከሉ ለጊዜው ይቆይ ባይ ነኝ። ገበሬው ሽንኩርቱን ነቅሎ ማሳው ላይ ከምሮ ይጠብቃል። ደላላው ይመጣና «ገበያው ወርዷል» ይለዋል። እውነት ይሁን ውሸት በምን ያጣራ? ሽንኩርት እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ አይከርምም። ስለዚህ በተባለው ዋጋ ይሸጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ እንግዲያው አፑ ይቅደም። ሶፍትዌር ሥራዬ ስለሆነ ያለ ክፍያ እሠራዋለሁ።

ከወረታ፦ እግዜር ይስጥልን ወንድሜ። ግን እዚህ ብዙው ሰው የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ለወራት ነው የቆየው። አፕ ቢኖረን ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ ነበር።

የግብርና ባለሙያዋ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረውን 8028 የተባለ የገበሬዎች የስልክ መስመር አስቡት። ገበሬው በነፃ ይደውላል፣ ቋንቋ ይመርጣል፣ ቁጥር እየተጫነ ስለ ሰብሉ ምክር ይሰማል። ማንበብ አይጠበቅበትም። እኛም ዋጋውን በድምፅ እናድርገው፤ በየማለዳው፣ በአማርኛ፣ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የአዲስ አበባው ሃይሌ ጋርመንት ገበያ።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦ እዚህ የሚያዋጡት አባላት «ምን ለውጥ ያመጣል?» ማለታቸው አይቀርም። በሕንድ ኬረላ ሞባይል ሲገባ ዓሣ አጥማጆች ገና ባሕር ላይ ሳሉ እየደወሉ ገዢ ያለበትን ወደብ ማጣራት ጀመሩ። ሮበርት ጄንሰን የተባለ የኢኮኖሚ ተመራማሪ አጥንቶታል። ትርፋቸው በ8 በመቶ ገደማ አደገ፣ ለሸማቹ ዋጋው በ4 በመቶ ገደማ ቀነሰ፣ ገዢ አጥቶ ይጣል የነበረው ዓሣም ቀረ። መግቢያው ላይ ይግባልን።

የግብርና ባለሙያዋ፦ ይግባ። ግን አንድ ልዩነት አለ። ዓሣ አጥማጁ ጀልባ አለው፣ ዋጋ ወደተሻለበት ይዞ ይሄዳል። የእኛ ገበሬ ዋጋውን ቢያውቅስ አይሱዙ ከየት ያመጣል? ብቻውን ለጥቂት ኩንታል መኪና አይከራይም። የመስኖ ኅብረት ሥራ ማኅበራቱ በጋራ የሚከራዩበትን መንገድ አብረን ካላቀድን ሰውየው ዋጋውን እያወቀ በርካሽ ይሸጣል። ደግሞ በብዙ ቤት ስልኩ ባልየው ኪስ ነው የሚውለው። ሴቶች እንዲሰሙት ዋጋው በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ይነገር።

ገንዘብ ያዥዋ፦ ዋጋውን በየቀኑ የሚሰበስበው ማን ነው? በበጎ ፈቃድ ከሆነ ጥቂት ወር ይሄድና ይቆማል። የተሳሳተ ዋጋ የሰማ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይደውልም። በየገበያው ለአንድ አንድ ወጣት የወር ደመወዝ በጀት ይያዝ። ለማዕከሉ ካሰብነው ይሸፈናል።

ከአዲስ አበባ፦ ተስማምቻለሁ። የድምፅ ሥርዓቱን እኔ ልሥራው።

ሰብሳቢው፦ እንግዲህ እንዲህ ብዬ አስተካክለዋለሁ፦ «በማንኛውም ስልክ የሚደመጥ የየዕለት የሽንኩርት ዋጋ፣ ከጋራ የጭነት ኪራይ ጋር፤ ለአንድ የመስኖ ወቅት ሙከራ።» ማዕከሉ ለከርሞ ይቆያል። የወረታው ወንድማችን ማኅበራቱን አነጋግረው ስንቶቹ በጋራ ለመከራየት ፈቃደኛ እንደሆኑ እስከ እሑድ ይጻፉልን። እንደ 8028 ያለ አጭር የስልክ ቁጥር ለማግኘት የሚቀርበውን ማመልከቻ እኔ እይዛለሁ።