«ለሁሉም አንድ ሰሌዳ ይበቃል»፦ የተማሪዎች ኅብረት የማን ነው?

የሕግ ተማሪ፣ 4ኛ ዓመት

ባለፈው ሳምንት ለግቢያችን የተማሪዎች ኅብረት ምክር ቤት አንድ የውሳኔ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን፣ ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከጋምቤላና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ መጥተው በአማርኛ መግባባት የሚቸግራቸውን፣ እንዲሁም በሬሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) የገቡትን የሚከታተል አንድ ተጠሪ ተመድቦ በኅብረቱ ቢሮ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ እንዲሰጠው የሚጠይቅ ነበር። ገንዘብ አልተጠየቀም፤ አዲስ ክፍልም አልተጠየቀም። ምክር ቤቱ ሐሳቡን ውድቅ ማድረጉ መብቱ ነው። የሰጠው ምክንያት ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ኅብረቱ የሁሉም ተማሪ ነው፤ ለሁሉም አንድ ሰሌዳ ይበቃል።»

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 4 በዕድገት ወደኋላ ለቀሩ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ያዛል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከታዳጊ ክልሎች ለሚመጡ ተማሪዎች የመግቢያ ነጥቡ ዝቅ ብሎ ሲቆረጥ የቆየውም ሁሉም ከአንድ ቦታ እንደማይነሣ ስለታመነ ነው። አገር ችግሩን አውቆ ያስገባውን ተማሪ፣ በሩን ካለፈ በኋላ ኅብረቱ «አንተም እንደ ማንኛውም ነህ» ብሎ የሚያሰናብተው በምን አመክንዮ እንደሆነ ሊያስረዳኝ የሚችል የምክር ቤት አባል ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

የምክር ቤት አባል

ድምፅ ከሰጡት አንዱ ስለሆንኩ መልስ የመስጠት ግዴታ አለብኝ። አንድ ሰሌዳ ማለት ለአንዱ የሚነገረው ለሌላው የማይደበቅበት፣ ሁሉም መጥቶ በእኩል የሚያነብበት ማለት ነው። በአንድ ካፌ እንበላለን፣ በአንድ ዶርም ከየክልሉ ተቀላቅለን እናድራለን፤ ኅብረቱም ይህንኑ መምሰል አለበት። ዛሬ ለአራት ክልሎች ተጠሪ ብንመድብ ነገ ከሰማንያ በላይ ብሔር ብሔረሰቦች ያሏት አገር ልጆች ሁሉ «የእኛስ?» ብለው ሲመጡ ማንን እንመልሳለን?

በተጨማሪም የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አካል ጉዳተኞችን የማገዝ ኃላፊነት የጣለው በተቋሙ ላይ ነው፤ ያውም አቅም በፈቀደ መጠን። የራሱ በጀት የሌለው ኅብረት ተቋሙ ያልሠራውን እንዲሠራ መጠየቁ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በጎ ፈቃደኛ አንባቢ

«ሁሉም መጥቶ በእኩል የሚያነብበት» ያልከው፣ ወንድሜ፣ እኔን ከሌላው ሁሉ ይልቅ የነካኝ ነው። ሦስት ሴሚስተር ሙሉ ለአንድ ዓይነ ስውር ተማሪ አንባቢ ሆኜ አገልግያለሁ፤ ሃንድአውቱን አነብለታለሁ፣ እሱ በስልኩ ይቀዳል። አንድ ቀን ለእሱ ፈተና የተመደበው ክፍል ተቀይሮ የለውጡ ወረቀት በሁለተኛው ፎቅ ደረጃ መታጠፊያ ላይ፣ በመስታወት በተሸፈነው ሰሌዳ ውስጥ ተለጠፈ። እኔ በዚያ ሰዓት የራሴ ፈተና ላይ ነበርኩ። እሱ ነጭ በትሩን ይዞ ወደ ቀድሞው ክፍል ሄደ፤ በሩ ተዘግቶ ስላገኘው ተማሪዎቹ ያልመጡ መስሎት ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ከአንድ ሰዓት በላይ! ወጥቼ ስደርስ አሁንም እዚያው ነበር። የት እንደተለጠፈ ስነግረው እጁን ይዤ ወደ ሰሌዳው እንድወስደው ጠየቀኝና ጣቶቹን በመስታወቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፈ። ምንም አላለም።

ያ ሰሌዳ ለሁሉም አንድ መሆኑን አልክድም። ለሁሉም ይበቃል የሚለውን ግን እሱ ባለበት እንድትደግመው አልመክርህም።

የ2013 ዓ.ም. ተመራቂ

የሁላችሁንም ቅንነት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ግቢ ውስጥ የነበረ ሰው ይህን ጉዳይ የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። በዚያ ዓመት በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ተገድለዋል፤ ብዙ ሺህዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። እኛ ዶርም በር ላይ የነዋሪዎቹ ስም ዝርዝር ተለጥፎ ነበር። በስም ብቻ ማን ከየት እንደመጣ ይገመታል። አንድ ማታ ከኮሪደሩ ጫጫታ ስንሰማ አንዱ ልጅ በባዶ እግሩ ወጥቶ ዝርዝሩን ቀዶ አመጣና ፍራሾቻችንን ከበሩ ጀርባ አስደግፈን ስምንታችንም ቁጭ ብለን አነጋን። ከስምንታችን አምስታችን ከተለያየ ክልል ነበርን።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ተጠሪ ያለ መዝገብ አይሠራም። ይህ ተማሪ ከዚህ ክልል ነው፣ ቋንቋው ይህ ነው የሚል መዝገብ በተማሪዎች እጅ ሲቀመጥ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ መዝገቡ በማን እጅ ይገባል? የምክር ቤቱ አባል «አንድ ሰሌዳ» ሲል እኔ የምሰማው ይህን ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ከባዶ የመጣ አይደለም።

የሕግ ተማሪ፣ 4ኛ ዓመት

ያሳለፋችሁትን አከብራለሁ። ነገር ግን ያን ሌሊት አደጋ ላይ የጣላችሁ ዝርዝር የፕሮክተሩ (የዶርም ተቆጣጣሪው) ዝርዝር እንጂ የድጋፍ መዝገብ አልነበረም። ማንነት ለመታወቅ የኅብረቱን ጠረጴዛ አልጠበቀም። ያልታወቀው ችግሩ ነው።

አዋጁን በተመለከተም የምክር ቤቱ አባል ግማሹን ነው የነገረን። ግዴታው የተቋሙ መሆኑ ትክክል ነው፤ «አቅም በፈቀደ» የሚለው ሐረግም አለ። አቅም መፍቀዱንና አለመፍቀዱን ግን ማን ይጠይቃል? የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው መግቢያ እንዲኖራቸው ካዘዘ ብዙ ዓመት አልፏል፤ የእኛ ሬጅስትራር ግን አሁንም የሚገባው በአሥራ አንድ ደረጃ ነው። ኅብረቱ መወጣጫ እንዲሠራ ማንም አልጠየቀውም። የተጠየቀው እንዲጠይቅ ነው።

ከጋምቤላ የመጣች ተማሪ፣ 2ኛ ዓመት

ስለ እኛ እየተወራ ስለሆነ ልናገር። በመጀመሪያ ውይይቱን የጀመረው ወንድሜ ቢታረም ደስ ይለኛል። የጋምቤላም ሆነ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ቤት ውስጥ አኙዋኛ ብናገርም አማርኛን ከልጅነቴ ጀምሬ ተምሬዋለሁ፤ ይህን ጽሑፍም ማንም አልጻፈልኝም። ቋንቋ የሚከብዳቸው በሶማሊኛ ተምረው ወይም አፋርኛ እየተናገሩ አድገው የመጡት ናቸው፤ አራቱን ክልል በአንድ ከረጢት መክተት እኛን ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

የእኔ ችግር ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት ማታ ከላይብረሪ ስመለስ የበሩ ጥበቃ ከፊቴ ያለፉትን አራት ልጆች ሳይጠይቅ እኔን ብቻ አስቁሞ መታወቂያ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ፎቶውንና ፊቴን በባትሪ እያፈራረቀ ካየ በኋላ «ከስደተኞቹ ካምፕ ነሽ እንዴ?» አለኝ። በሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። ለኅብረቱ ቢሮ አመለከትኩ። የተሰጠኝ መልስ «ጥበቃው ሁሉንም ነው የሚጠይቀው» የሚል ነበር። በእናንተ አነጋገር ያም አንድ ሰሌዳ ነው መሰለኝ።

የሕግ ተማሪ፣ 4ኛ ዓመት

እኅቴ፣ እርማቱን ተቀብያለሁ፤ የውሳኔ ሐሳቡን ካረቀቁት አንዱ እኔ ነኝና ስሕተቱ የእኔ ነው። አንቺን ሳንጠይቅ ስለ አንቺ ጽፈናል።

የምክር ቤት አባል

በእኅታችን ላይ የደረሰው ስሕተት ነው፤ በዚያ ቀን ቢሮ የነበረው ሰው እኔ ብሆን ኖሮ ከጥበቃ ኃላፊው ጋር እነጋገር ነበር። ነገር ግን ይህ የሚያሳየው ያሉትን ኃላፊዎች ማስተካከል እንደሚያስፈልግ እንጂ አዲስ ተጠሪ መሾም እንደሚያስፈልግ አይደለም። አርቃቂዎቹ ራሳቸው ማን ምን እንደሚቸግረው ሳያውቁ ማርቀቃቸውም አሁን ታይቷል።

መምህር

ካፌውን ልጥቀስ፤ የምክር ቤቱ አባል ራሱ አንሥቶታልና። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይቀርባል። በረመዳን ለሚጾሙ ተማሪዎች እራት እስከ ማፍጠሪያው ይቆያል፣ ለሱሑርም ይዘጋጅላቸዋል። የምግብ ቤቱ ሠራተኞች ይህን ሲያደርጉ ተማሪን ከፋፈላችሁ ያላቸው ሰው ሰምቼ አላውቅም። አንድ ካፌ የሆነው ሁሉም አንድ ዓይነት ወጥ ስለሚበላ ሳይሆን ማንም ሳይበላ እንዳያድር ስለሚታሰብበት ነው።

የ2013ቱ ተመራቂ ያነሣኸው ፍርሃት ግን እኔንም ያሳስበኛል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በቃል ኪዳን ቤተሰብ ከሩቅ የመጣውን ተማሪ ከከተማው ቤተሰብ ጋር ሲያገናኘው በዓል በመጣ ጊዜ የሚሄድበት ቤት፣ ሲታመም የምትጠይቀው እናት አገኘ። ያ ሥራ ልጁ ከየት እንደመጣ በማወቅ የተሠራ ነው። ማወቅ ለጥፋት እንደዋለ ሁሉ ለመጠለያነትም ውሏል።

የ2013 ዓ.ም. ተመራቂ

መምህር፣ የቃል ኪዳን ቤተሰብ የከተማው ሕዝብ ደግነት ነው። እርስዎ እንዳሉት ቤት ነው፤ ምርጫ፣ ወንበርና ተፎካካሪ የለበትም። የተማሪ ኅብረት ግን ሥልጣን ነው። የተጠሪው ቦታ በምርጫ ሲያዝ እጩው ድምፅ የሚለምነው በምን ስም ይመስልዎታል?

በጎ ፈቃደኛ አንባቢ

ታዲያ ሥልጣን ከሆነ ለማን ነው የሚውለው? በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት ተማሪዎች ግቢ ውስጥ ስለሌለ ጭሰኛ ነው የጮኹት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ሲገደል ስለ ራሱ ዶርም እየጠየቀ አልነበረም። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ ጋዜጣችን ይመለስ ብለው ዋጋ ከፍለዋል። የዛሬው ኅብረት ስለ አንድ ደረጃና ስለ አንድ ጥበቃ መጠየቅ ካቃተው ያን ስም ይዞ መቀመጡ ያሳፍረኛል።

የምክር ቤት አባል

ያ ትውልድ ስለ ጭሰኛው ጮኋል፤ በ1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሣውም እሱ ነው። ዛሬ በየዶርሙ የምንፈራውን ነገር ሥር የሚፈልግ ሰው እዚያም መቆፈር አለበት። የሞቱትን አከብራለሁ፤ የተዉልንን ሁሉ ግን ሳልመረምር አልቀበልም።

የሕግ ተማሪ፣ 4ኛ ዓመት

ጥያቄውን ያነሡት ጥያቄውን አልፈጠሩትም። ይህን ክርክር ግን እዚህ ብንከፍተው እስከ ንጋት አንዘጋውም፤ ስለ ሰሌዳው መልስ ስጠን።

ዓይነ ስውር ተማሪ፣ 3ኛ ዓመት

ከላይ ፈተናው ያለፈበት ልጅ እኔ ነኝ። አንባቢዬ ሳይጠይቀኝ ስለጻፈው አልተቀየምኩም፤ አንድ ነገር ግን ላክል።

ሰሌዳው ያለበትን ቦታ አሁን አውቃለሁ፤ ሰሌዳውን ተዉት። ኅብረቱ የቴሌግራም ቻናል አለው። እዚያ የሚለጠፈው ግን ሰሌዳው ላይ ያለው ወረቀት ፎቶ ተነሥቶ ነው። የስልኬ ድምፅ አንባቢ ጽሑፍ ያነባል፤ ፎቶ ሲያገኝ ግን «ምስል» ብሎ ያልፈዋል። በዚህ ሴሚስተር ከኅብረቱ የደረሱኝ ማስታወቂያዎች በሙሉ «ምስል፣ ምስል፣ ምስል» የሚሉ ናቸው። ወረቀቱ እኮ መጀመሪያ በኮምፒውተር የተጻፈ ነው! ያንኑ ጽሑፍ መለጠፍ በጀት አይጠይቅም፣ መዝገብም አይጠይቅም፣ ክልሌንም መናገር አይጠይቅብኝም። ይህን ለሁለት የሥራ አስፈጻሚ አባላት በአካል ነግሬያለሁ። ሁለቱም በትሕትና አዳምጠውኛል። ሁለቱም ከምርጫው በኋላ ተቀይረዋል። አሁን ለሦስተኛው እንደ አዲስ ልነግረው ነው። ተጠሪ ይኑር የምለው ለዚህ ነው፤ ሰው ሲቀየር ነገሬ አብሮ እንዳይጠፋ።

የምክር ቤት አባል

ስለ ፎቶው አላውቅም ነበር፤ ከልብ አዝናለሁ። ለሕዝብ ግንኙነቱ ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ማስታወቂያው በጽሑፍም እንዲለጠፍ አደርጋለሁ። ስለ ተጠሪው ያለኝ አቋም ግን አልተለወጠም።

የሕግ ተማሪ፣ 4ኛ ዓመት

አንተስ በሚቀጥለው ምርጫ ስትቀየር?

የ2013 ዓ.ም. ተመራቂ

አካል ጉዳተኞችን ብቻ የሚመለከት ተጠሪ ከሆነ ተቃውሞዬን አነሣለሁ። ክልል የሚለው ቃል እስካለበት ድረስ ግን መዝገቡ በማን እጅ እንደሚቀመጥ የነገረኝ ሰው እስካሁን የለም።

ከጋምቤላ የመጣች ተማሪ፣ 2ኛ ዓመት

ወንድሜ፣ እኔን ነጥለህ ስታወጣ መዝገቡ የቀረልኝ ይመስልሃል? ያ ጥበቃ ስሜ የተጻፈበት መዝገብ አልነበረውም። የሕግ ተማሪው ሐሳቡን እንደገና ሲያረቅ ግን ከመጻፉ በፊት ይጥራኝ። ሐሙስ ከሰዓት ክፍል የለኝም።