ጤፍ ለማጨድ የቴሌቪዥኑ ትንበያ አልበቃኝም፤ ምን ልከታተል?

ጥያቄ፦ ቴሌቪዥኑ የከተሞችን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ጠርቶ ያልፋል። የኅዳር ዝናብ ላሰጋው ሰው ዋናው ነገር ግን ስንት ሰዓት ላይ፣ ስንት ሚሊ ሜትር ይዘንባል የሚለው ነው። የት ላግኝ?

መልስ 1፦ ዊንዲ (Windy) የተባለውን የአየር ትንበያ መተግበሪያ ስልክህ ላይ ጫን። የከተማ ስም አትፈልግ፤ ማሳህን ራሱን ካርታው ላይ ነካ አድርግ። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚወርድ የከተማው ቁጥር ለደጋ ማሳ አይሠራም። ከዚያ የአውሮፓውን ሞዴል (ትንበያውን የሚያሰላውን የኮምፒውተር ፕሮግራም) ከአሜሪካው ሞዴል ከጂኤፍኤስ (GFS) ጋር አወዳድር። ከተለያዩ አትጨድ፤ የታጨደውንም ከምረህ ሸፍን። ደግሞ መተግበሪያው 15:00 ሲል የእኛ 9 ሰዓት ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

መልስ 2፦ ትክክል ነው ወንድሜ፣ ግን የከሰዓት ነጎድጓድ የሚሸፍነው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሞዴሎቹ ቦታውን ይስቱታል። ለዕለቱ ሜቴዎሳት የተባለውን የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ምስል እይ፤ በየ10–15 ደቂቃው ይታደሳል።