እድራችን ለድባቴ ይክፈል ወይ?

የእድሩ ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ የአራዳ ልጆች፣ የተበተናችሁም ያላችሁም። ለእሁድ ስብሰባ አንድ ከባድ አጀንዳ ስላለ እዚህ ትንሽ እንከራከርበት። ከቅዳሴ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን። ደንባችን "ሆስፒታል ተኝቶ ለሚታከም አባል" የመጠየቂያ ብር ይሰጣል። አሁን አንድ አባላችን በድባቴ ታመዋል። ሐኪም ያያቸዋል፣ መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ግን አልተኙም። ሥራ ካቆሙ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ቤተሰብ "እርዱልን" ብሎ ጠየቀ፤ ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ተኝቶ" የምትለው ቃል ትውጣ ይላል። ግማሹ ይህ በር ከተከፈተ አይዘጋም ይላል። የማንንም ስም እንዳትጠሩ። የገመታችሁም ለራሳችሁ ያዙት።

ገንዘብ ያዡ፦ እኔ ተቃዋሚ ነኝ፣ አልደብቅም። ሣጥኑን የማውቀው እኔ ነኝ። በ2016 የፒያሳ ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ ግማሹ ገላን ጉራ፣ ግማሹ አራብሳ ነው። መዋጮ ለመሰብሰብ በቀን ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ እይዛለሁ። ሦስት ወር ያልከፈለ ስንት አለ መሰላችሁ! እግሩ የተሰበረ ሰው ጀሶው ይታያል። ድብርትን በምን እናየዋለን? አዲስ አበባ ውስጥ ያልደበረው ማን አለ? እኔም ሰኞ ሰኞ ይደብረኛል።

ነርሷ፦ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የቃሉ ነው። ታክሲ ሲዘገይ ደበረኝ እንላለን። ፊልሙ ካልጣመን ደባሪ ነው እንላለን። ብዙ ባለሙያ አሁን አሁን ድባቴ ማለትን የሚመርጠው ለዚህ ነው። የእርስዎ የሰኞው ማክሰኞ ይለቃል። ይሄኛው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ፣ ቀኑን ሙሉ ለማለት ይቻላል፣ አይለቅም። እንቅልፍ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ተኝቶ አይጠግብም። ምግብ አፈር አፈር ይላል። ሰውየው ይወደው የነበረው ሁሉ ምንም አይመስለውም። ገላ መታጠብ ራሱ እንጦጦን እንደ መውጣት ይሆናል። በምን እናየዋለን ላሉት፣ ጨጓራስ በምን ይታያል? አምና ለጨጓራ ከፍለን የለ እንዴ?

ጋሽ ጡረተኛው፦ ልጆች፣ እኔ ባለቤቴን ቀብሬ ስመለስ ቤቱ ጠበበኝ። ዓመት ሙሉ ከሰው አልገጠምኩም። በኋላ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥቼ ሁለት ሱባኤ ያዝኩ። ንጋት ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ጸበሉ ሲወርድብህ ሳትወድ ትጮኻለህ። ከጎኔ አንድ ጎልማሳ ነበር፣ ቆሎ ያካፍለኛል። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። በዐሥራ አምስተኛው ቀን ስወርድ ራበኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ራበኝ! ሽሮ ሜዳ ላይ ቁጭ ብዬ ፍርፍር በላሁ። ጸበል ብር አይጠይቅም። በእድር ብር ለምን እንጨቃጨቃለን?

ሐጂ፦ በእኛም ለታመመ ቁርኣን ይቀራለታል፣ ሩቅያ እንለዋለን። ሐኪም ቤት አትሂድ ያለኝ ግን የለም። ይከፈል።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ እሰይ እንኳን ራበዎት። ጸበሉን ማንም አልነካም። እኔ የምፈራው "ጸበል ከጀመርክ ኪኒኑን ጣል" የሚለውን ምክር ነው። በኤችአይቪ ጊዜ ይኸው ክርክር ስንት ሰው አሳጥቶናል። በ1999 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው መድኃኒቱንም ጸበሉንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ምእመናኑን መክረዋል። የድባቴ ኪኒን ደግሞ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ማቅለሽለሹ፣ የአፍ መድረቁ መጀመሪያ ይመጣል፤ እፎይታው ከሳምንታት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት "ጭራሽ ባሰብኝ" ብሎ የሚጥለው ብዙ ነው። ሲሻለው በራሱ ጊዜ የሚያቆመውም እንደዚያው። ከተሻለ በኋላም ለወራት ይቀጥላል። መቼ እንደሚቆም የሚናገረው ሐኪሙ ነው።

ባለሚኒባሱ፦ የኔን ልናገር፣ አትሳቁ። ሁለት ዓመት በጫት ገፋሁት። ምርቃናው ላይ ከተማው ሁሉ የኔ ነው። ማታ ሲወርድ ጉድጓድ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲል ጨብሲ። ጠዋት አራት ኪሎ ላይ ሰው ጭኜ ያለ ምክንያት እንባዬ ይወርዳል። ረዳቴ ጥቁር መነጽር ገዝቶ ሰጠኝ፣ ተሳፋሪ እንዳያየኝ። በኋላ እሱ ነው ጤና ጣቢያ የጎተተኝ። ኪኒን አልሰጡኝም፣ የአንተ ገና ቀላል ነው አሉኝ። ጫቱን ተው፣ በእግርህ ሂድ፣ በየሳምንቱ እየመጣህ አውራ። እኔ መድኃኒት ሳይሰጡኝ ሲያባርሩኝ ነው የመሰለኝ። ዛሬ ጠዋት ጠዋት ከስድስት ኪሎ እስከ ጊዮርጊስ በእግሬ ነኝ።

ባንክ የሚሠራው፦ ሕጉን ላስታውስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሐኪም ማስረጃ ላመጣ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ። የሥጋ ሕመም ብቻ አላለም። መንግሥት ያልለየውን እድር ለምን ይለያል? ግን እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ አምና ይኸው በሽታ ይዞኝ አለቃዬን ታይፎይድ ነው አልኩት። በዚህ ከተማ ታይፎይድ የማይሸፍነው ነገር የለም።

የማሙሽ እናት፦ ሦስት ቀን ሙሉ ሳነብ ነበር። ያቺ አባል እኔ ነኝ። ብሩን የጠየቀችልኝ እህቴ ናት፣ ሳትነግረኝ። እኔ ብጠየቅ ግን አይከፈል ነው የምለው። ቅር አይበላችሁ። ብር ሲሰጥ ወረቀት ይጠየቃል። ወረቀቴ የአማኑኤል ማኅተም አለበት። ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው፣ ሰባቱም ቤታቸው ገብተው ያወራሉ። አማኑኤል ለስንት ዐሥርት ዓመታት በአገሩ ያለ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ስሙ ስድብ ሆኖ የቀረው ለዚያ ነው። ልጆች ሆነን ስንጣላ "አማኑኤል ግቢ" እንባባል አልነበር? ነገ ማሙሽን እንዲሉት አልፈልግም።

ኪኒኑ ጠቅሞኛል። እተኛለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ። ጀበናዬ ግን እስካሁን ከካርቶን አልወጣም። ስኒዎቹ ፒያሳ ላይ በጋዜጣ እንደጠቀለልኳቸው ናቸው። አንድ ቀን ካርቶኑን ከፈት አደረግኩት፤ የድሮ ቤቴን ይሸታል። መልሼ ዘጋሁት። እዚያ ቡና ሳፈላ ማንንም አልጠራም ነበር፣ ሙቀጫው ይጠራልኝ ነበር። እዚህ ለማን ላፍላ? "ተነሺ፣ ቡና አፍዪ፣ ይለቅሻል" እያላችሁ ትደውላላችሁ። የመጣ ግን የለም።

ጋሽ ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ጥፋቱ የኔም ነው።

ገንዘብ ያዡ፦ የሰኞውን ቀልድ አንስቻለሁ። ይቅርታ። ግን እሷም አይከፈል ብላለች፣ ልብ በሉ።

ባለሚኒባሱ፦ እንዴ! እሷ ያለችው ወረቀቷ አይዙር ነው። አንተ ሣጥን መቆለፊያ አደረግከው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ተነፍቶ ከገላን ድረስ ወጥተን እንመጣለን፣ የቀረ ይቀጣል። በቁሙ የታመመን ባለመጠየቅ የተቀጣ አለ?

ነርሷ፦ ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም አለ። የአእምሮ ሐኪም በአገሩ በጣት የሚቆጠር ነበር። በፈረንጅ 2006 ሐራሬ ላይ አያቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የከፋው ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል። ምክር አያዘንቡበትም። ያዳምጡታል፣ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ እንዲፈታ ያግዙታል። ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም ይልካሉ። በኋላ ሲጠና እውነትም ሰዎቹ ተሽሏቸው ተገኝቷል። እኛ አግዳሚው አለን፣ የእድሩ ወንበር መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል። እናቶቹም አሉን።

ባንክ የሚሠራው፦ ሥልጠና የሚለው ይሰመርበት። የእኛ እናቶች አፋቸውን የሚፈቱት "ከአንተ የባሰ አለ" ብለው ነው። እኔ ያንን ስሰማ ጸጸት ነበር የሚጨመርብኝ። እሺ የባሰ አለ፣ ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው የማልነሣው? ደግሞ ቡናውን በብሩ ቦታ እንዳትተኩት። የመድኃኒት አለ፣ የመመላለሻ አለ፣ የቀረ የሥራ ቀን አለ። ቡና ይህን አይከፍልም። በነጻ ደግነት ሣጥን ማትረፍም አለ።

ነርሷ፦ አንድ ነገር ግን እሁድን አይጠብቅም። "መኖር ታከተኝ፣ ባልኖር ይሻላል" የሚል ሰው አጠገባችሁ ካለ ብቻውን አትተዉት። አትቆጡት፣ በኃጢአትም አታስፈራሩት። ይዛችሁት በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሌሊትም ቢሆን።

የእድሩ ጸሐፊ፦ እንግዲያው አጀንዳው ሁለት ሆኗል። አንደኛ፣ "ተኝቶ" ትውጣ ወይስ ትቆይ? ከወጣች የሐኪሙን ወረቀት አንድ ሰው ብቻ አይቶ ይመልሳል፣ መዝገብ ላይ "ሕመም" ተብሎ ብቻ ይጻፋል። ሁለተኛ፣ ለለቅሶ እንደምንወጣው ተራ ገብተን ቤት ለቤት እንጠይቅ ወይ? ቅጣት ይኑረው አይኑረው ገና አልተስማማንም።

ገንዘብ ያዡ፦ ለሁለተኛው እጄን አወጣለሁ። አንደኛውን እስከ እሁድ ላስብበት። የማሙሽ እናት፣ ስንተኛ ብሎክ ነሽ? ቅዳሜ ለመዋጮ ወደዚያ ነኝ፣ ጋሼንም ይዤ እመጣለሁ።

የማሙሽ እናት፦ ብሎክ 14፣ አራተኛ ፎቅ። ቅዳሜ ውሃ አይኖርም፣ አንድ ጀሪካን ይዛችሁ ውጡ። ሙቀጫዬ ስንለቅ ጠፍቶብኛል። ቡናውን አስፈጭታችሁ ኑ።