«ገጸ ባሕርይሽ ሜሪ ሱ ናት» አሉኝ፤ ምን ላድርጋት?

ሰማያዊ ቀለም (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሼርሎክ ሆምስ ፋንፊክሽን (አድናቂ በሌላ ደራሲ ገጸ ባሕርያት ላይ ተመርኩዞ የሚጽፈው ታሪክ) እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ ለንደን ውስጥ በ1889 (እ.ኤ.አ.) የሚሆን ነው። ስድስት ምዕራፍ ጨርሻለሁ። መርማሪው ሆምስና ጓደኛው ዶክተር ዋትሰን እንዳሉ ናቸው፤ እኔ የጨመርኩት አንዲት ሴት ነው። ሴራፊና ናይትሼድ ትባላለች። ዕድሜዋ 19 ነው። ወላጆቿ ተገድለዋል። ሰባት ቋንቋ ትናገራለች፣ ቫዮሊን ትጫወታለች፣ በሰይፍ ትዋጋለች። ዓይኗ ሐምራዊ ነው። ሆምስ ያቃተውን ምስጢር ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ትፈታለታለች። አምስተኛው ላይ እሱ ለማንም ያልነገረውን የልጅነት ቁስሉን ይነግራታል።

ሁለት ጓደኞቼ አነበቡት። አንዷ «ሜሪ ሱ ናት» ብላ ዘጋችኝ። ሌላው ደግሞ እሷ ያለችባቸውን ገጾች እየዘለለ እንደጨረሰው ነገረኝ። የባሰ ያመመኝ ይሄኛው ነው። ልሰርዛት አልፈልግም። አንባቢ አምኗት የሚከተላት ሰው እንድትሆን ምን ላድርግ? ሜሪ ሱ ማለትስ በትክክል ምን ማለት ነው?

የኅዳግ ማስታወሻ

ከመጨረሻው ልጀምር። ሜሪ ሱ የሚባለው ሁሉ የሚሳካለት፣ ሁሉም የሚወደው፣ እንከን የሌለው ገጸ ባሕርይ ነው። ስሙ የመጣው ፖላ ስሚዝ በ1973 ስታር ትሬክ በተባለው የጠፈር ጉዞ ተከታታይ ፊልም አድናቂዎች መጽሔት ላይ ካወጣችው አጭር ሹፈት ነው። እዚያ ሜሪ ሱ የ15 ዓመት ተኩል መቶ አለቃ ናት። ካፒቴኑ ገና ሲያያት በፍቅር ይወድቃል፣ እሷ ሁሉንም ታድናለች፣ በመጨረሻ ትሞትና ትልልቆቹ ጀግኖች ተሰብስበው ያለቅሱላታል። ስሚዝ ያሾፈችው በዘመኑ በብዛት ይጻፉ በነበሩ እንዲህ ባሉ ታሪኮች ላይ ነበር።

የችሎታ ብዛት ብቻውን ሜሪ ሱ አያደርግም። ሆምስም እኮ ቫዮሊን ይጫወታል፣ ቦክስ ይችላል፣ ኬሚስትሪ ያውቃል። ግን ደግሞ ሱሰኛ ነው፣ ቤቱ የተዝረከረከ ነው፣ ሰው ያስቀይማል፣ አንዳንዴም ይሳሳታል። የሴራፊና ችግር ዓለሙ በሙሉ ለእሷ ማጎንበሱ ነው። እስቲ በስድስቱ ምዕራፍ ውስጥ «አይሆንም» ያላት ሰው አለ? ተሳስታ ዋጋ የከፈለችበት ቦታስ?

ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባል የለ። ከሰባቱ ቋንቋ ስድስቱን ቀሚና እንነጋገር።

ሌሊት ጸሐፊ

እኔ ትንሽ ልቃወም። «ሜሪ ሱ» የሚለው ቃል ሴት ገጸ ባሕርይ ጎበዝ በሆነች ቁጥር የሚወረወር ድንጋይ ሆኗል። ያንኑ ሁሉ የሚችል ወንድ ሲሆን «ጀግና» እንለዋለን። ስለዚህ ጎበዝ ሴት መጻፍን አትፍሪ።

ምሳሌው እዚያው እጅሽ ላይ አለ። አይሪን አድለር። በ1891 በወጣው አጭር ታሪክ ውስጥ ሆምስን ትበልጠዋለች። በአካል የምትታየው በዚያ አንድ ታሪክ ብቻ ነው፤ አንባቢ ግን ከመቶ ዓመት በላይ አልረሳትም። ለምን? በደንብ ካየሻት መጀመሪያ ተታላለች። ሆምስ የሐሰት የእሳት ጩኸት ሲያስነሳ ደንግጣ እሱ የሚፈልገውን፣ ከአንድ ንጉሥ ጋር የተነሳችውን ፎቶግራፍ የደበቀችበትን ቦታ በራሷ እጅ አሳየችው። የነቃችው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድ መስላ እስከ በሩ ተከትላ «ደህና እደሩ» ብላው አለፈች። በማግስቱ ሆምስ ሲመጣ አገር ለቃ ሄዳለች።

ደግሞ ሆምስን ለማስደነቅ ብላ ያደረገችው አንድም ነገር የለም። የምትፈልገው ያገባችውን ሰው ይዛ በሰላም መኖር ነው። ፎቶግራፉም መከላከያዋ ነው። ሆምስ እንዲያውም በመንገዷ ላይ የቆመ ሰው ነው። ያንቺዋ ሴራፊና ሆምስ ባይኖር ጠዋት ተነስታ ወዴት ትሄዳለች?

እንቅልፍ አጥ

መቶ ጥያቄ ያለው የገጸ ባሕርይ ቅጽ ሙዪ። የምትወደው ቀለም፣ የልደት ቀን፣ የምትፈራው ነገር፣ ሁሉንም። እኔን በጣም ረድቶኛል።

አርታኢዋ

እንቅልፍ አጥ፣ በፍቅር ነው የምልህ፣ ያ ቅጽ አንድ ዓመት በልቶብኛል። የገጸ ባሕርዬን የጫማ ቁጥር ሳይቀር አውቅ ነበር። ትዕይንት ልጽፍ ስቀመጥ ግን ምን ብላ እንደምትዋሽ አላውቅም። ከመቶው ጥያቄ እኔ የማስቀረው ሦስት ነው። አሁን ምን ትፈልጋለች? ብታጣው የማትችለው ነገር ምንድን ነው? ስለ ራሷ የምታምነው ውሸት ምንድን ነው? የቀረው ስትጽፊ ራሱ ይመጣል።

ስለ ወላጆቿ ደግሞ፣ ገጸ ባሕርይን ሁሉ ወላጅ አልባ ማድረግ ለጸሐፊው ያመቻል፤ የሚጠይቃት ሰው አይኖርማ። እናቷን አስነሺያትና ማታ የት እንዳመሸች ትጠይቃት። ወዲያው ሰው ትሆናለች።

ቀዳዳ ፈላጊ

እኔ የምጀምረው ከዋናው ድርሰት ነው፣ ከቀዳዳው። ታሪኩ «እዚህ ጋ የሆነ ሰው አለ» እያለ ሳያሳየን የሚያልፍበት ቦታ ማለቴ ነው። በር የሚከፍት፣ ደብዳቤ የሚቀበል፣ ፈረስ የሚይዝ ሰው። እዚያ የምታስቀምጪው ሰው ከውጭ የተጫነ አይመስልም። ድሮውንም እዚያ ነበር፤ አንቺ መብራት ነው ያበራሽለት።

በ1890 በወጣው ሁለተኛው የሆምስ ልቦለድ መጀመሪያ ላይ ሆምስ በዋትሰን ጫማ ላይ ቀላ ያለ አፈር ያይና «ዛሬ ጠዋት ዊግሞር ጎዳና ፖስታ ቤት ሄደህ ቴሌግራም ልከሃል» ይለዋል። (ቴሌግራም ስል አፑን አይደለም፤ በሽቦ የሚሄደውን ነው።) ሁላችንም ስለ አፈሩ እናወራለን። ያንን ቴሌግራም የተቀበለው ሰውስ ማን ነው? ማንም አልጠየቀም። ይኸው ቀዳዳሽ።

ሴት ብታደርጊያት ከዘመኑ ጋር አይጋጭም። የብሪታንያ ፖስታ ቤት በ1870 የቴሌግራፍ ኩባንያዎቹን ሲጠቀልል ሴት ሠራተኞቻቸውንም አብሮ ወሰደ። ለንደን ያለው ዋናው የቴሌግራፍ ጽሕፈት ቤት ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ነበሩበት። ሆምስ ደግሞ ከደብዳቤ ይልቅ ቴሌግራም የሚመርጥ ሰው ነው። ስለዚህ የሚገናኙበትን አጋጣሚ መፍጠር አይጠበቅብሽም። በሳምንት ሦስት ጊዜ መስኮቷ ላይ ይቆማል።

አሁን ሥራዋ ጠባይዋን እንዴት እንደሚሠራ ተመልከቺ። ከ1885 ጀምሮ የቴሌግራም ዋጋ አድራሻውን ጨምሮ እስከ 12 ቃል ስድስት ፔኒ ነበር። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ቃል ግማሽ ፔኒ ይጨመራል። ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል የምትቆጥር ሴት እንዴት ታወራለች? በአጭሩ። ሰው ሲያንዛዛባት ጣቷ ሳታውቀው ጠረጴዛ ላይ ይቆጥራል። እናቷ ስትቆጣት እንኳ ትቆጥራለች። ከሐምራዊ ዓይን ይሄ አይሻልም?

ችሎታም አላት፤ ግን ከየት እንዳመጣችው እናውቃለን። የሞርስ (ፊደልን በነጥብና በሰረዝ ምት የሚልከው ኮድ) ሠራተኞች ላኪውን ቁልፉን በሚመታበት ሁኔታ ይለያሉ። እንደ ድምፅ ማለት ነው፤ አንዱ ይጣደፋል፣ አንዱ ነጥቡን ያስረዝማል። እሷም በሌላው ጫፍ ያለው የምታውቀው ባልደረባዋ እንዳልሆነ በጆሮዋ ብቻ ልትነቃ ትችላለች። ሆምስ ይሄን አይችልም፤ አሥር ዓመት ሽቦ ላይ አልተቀመጠማ። እሱን ሳታሳንሺው የሚፈልጋት ሰው አደረግሻት ማለት ነው።

ዋናው ግን ዋጋው ነው። በ1868ቱ የቴሌግራፍ ሕግ መሠረት የፖስታ ቤት ሠራተኛ የሰው መልእክት አሳልፎ ቢሰጥ ወንጀል ነው፣ ያሳስራል። እንግዲህ አንድ ቀን የሰው ሕይወት የሚያጠፋ መልእክት በእጇ ቢያልፍስ? ብትናገር እስር፣ ብትተወው ሬሳ። ሆምስ መጥቶ «ያ ሰውዬ ምን ላከ?» ሲላት ለመጀመሪያ ጊዜ በመንገዱ ላይ የምትቆመው እሷ ናት። «አይሆንም» ትበለው። እኔ ያንን ምዕራፍ ቁጭ ብዬ ነው የማነበው።

የኅዳግ ማስታወሻ

ወይ ጉድ። ካልጻፍሽው እኔ እጽፈዋለሁ።

ሰማያዊ ቀለም (ጠያቂ)

ለሁለት ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሴራፊናን ቀበርኳት። ትንሽ አልቅሻለሁ፣ አልደብቅም። አሁን አኒ ፕራት ናት፤ 27 ዓመቷ ነው፣ እናቷ በሕይወት አለች፣ ትጠይቃታለችም። አዲሱ መጀመሪያዬ ይኸው፦

«ዶክተሩ ቅጹን በመስኮቱ ሥር ገፋ አደረገላት። አኒ በእርሳሷ ጫፍ ቆጠረች። አሥራ ሦስት።

"እባክህ የሚለውን ቢያወጡት በስድስት ፔኒ ያልቅልዎታል" አለችው።

ዋትሰን ቅጹን አየ። ከኪሱ ግማሽ ፔኒ ፈልጎ ጨመረ። "ይቆይ" አላት።

ጓደኛው ትናንት ማታ የላከው ልክ አሥራ ሁለት ቃል ነበር፤ ሰላምታ የሚባል የለበትም። አኒ ሁለቱን ቅጾች በአንድ ሽቦ ላይ ሰካቻቸው። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮችን የምታስተውል ልዩ ሴት ነበረች።»

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ሆምስን ብታፈቅረው ችግር አለው? ሌላው ደግሞ፣ አንባቢ ለአዲስ ሰው ዕድል ይሰጣል ወይስ ድካሜ ከንቱ ነው?

አርታኢዋ

ዋትሰንን በግማሽ ፔኒ አሳየሽን። በጣም ጥሩ ነው። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ግን አሁኑኑ ሰርዢው። ስትቆጥር አይተናታል፤ «ልዩ ሴት ነበረች» ብለሽ ስትነግሪን ሴራፊና ከመቃብር እጇን አወጣች። አኒ ራሷ አስተዋይ መሆኗን አታውቅም፣ ሥራዋ ነው።

አንድ መፈተኛ ልስጥሽ። ከንግግሮቹ ላይ የተናጋሪዎቹን ስም ሸፍኚና ለሌላ ሰው አንብቢለት። ማን እንደተናገረ ካልለየ አኒ ገና የራሷ ድምፅ የላትም፣ ወይም ሆምስ በአንቺ አፍ እያወራ ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ አንባቢ የመጣው ለሆምስ ነዋ። እና ያንን የልጅነት ቁስል ነገር ተይው። ዋትሰን ስንት ዓመት አብሮት ኖሮ ያላገኘውን ለመስኮት ሠራተኛ አይነግራትም።

ሌሊት ጸሐፊ

ፍቅሩ ችግር የለውም፣ ከባድ እስከሆነ ድረስ። በዚያን ዘመን የፖስታ ቤት ሴት ሠራተኛ ካገባች ሥራዋን መልቀቅ ነበረባት። ስለዚህ ለአኒ «እወድሃለሁ» ማለት መስኮቱን፣ ደሞዙንና እናቷን የምትረዳበትን ማጣት ነው። ሆምስ ባያውቅላት፣ ዋትሰን ቢጠረጥር፣ እሷ ደግሞ ብትተወው እኔ ይበቃኛል።

ስለ አንባቢ ደግሞ ሃርሊ ክዊንን አስቢ። በ1992 ለባትማን የቴሌቪዥን ካርቱን የባትማን ጠላት የጆከር ረዳት ሆና ለአንድ ክፍል ብቻ ነበር የታሰበችው። በድሮዎቹ የኮሚክ መጻሕፍት ውስጥ አልነበረችም። ተመልካች ወደዳትና በኋላ ኮሚኩ ራሱ ተቀበላት። የሰው ዓለም ውስጥ ዘግይቶ መግባት ኃጢአት አይደለም።

እንቅልፍ አጥ

ለቅጼ ይቅርታ እየጠየቅኩ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ስታወጪው መግለጫው ላይ «አዲስ ገጸ ባሕርይ አለበት» ብለሽ ጻፊ። የማይፈልግ አይገባም፣ የሚፈልግ ፈልጎ ይመጣል። የገባውም «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብሎ አይቆጣም።

ሰማያዊ ቀለም (ጠያቂ)

ዓረፍተ ነገሩን ሰርዣለሁ። ገጾች እየዘለለ ያነበበው ጓደኛዬ አዲሶቹን ሁለት ምዕራፎች ትናንት ጨረሰ። «ያ ቴሌግራም በእጇ እንዳለፈ አለቃዋ ያውቅባታል?» ብሎ እኩለ ሌሊት ላይ ጻፈልኝ። እኔ ራሴ ገና አልወሰንኩም።

ቀዳዳ ፈላጊ

ይወቅባት።