ለስታዲየም ኮንሰርት በባቡር መሄድ ያዋጣል?

ጥያቄ፦
ሰላም ናችሁ። የሮክ ኮንሰርት ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ስታዲየሙ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይይዛል። መኪና ማቆሚያ የማይታሰብ ነው አሉኝ። ሲኬድ ሰው ቀስ በቀስ ስለሚገባ አያስጨንቀኝም፣ ጭንቀቴ መመለሻው ነው። ሁሉም ባንዴ ሲወጣ ባቡር ይገኛል? ታናሽ እህቴ ደግሞ የመጨረሻውን ዘፈን ሳትሰማ ንቅንቅ አትልም።

መልስ፦
ይገኛል፣ ግን ትጠብቃለህ። ሠራተኞቹ ሰዉን ከጣቢያው ውጭ አሰልፈው በየተራ ነው የሚለቁት፤ ውስጥ ከተጨናነቀ ሰው ሐዲዱ ላይ ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ ሰልፉን አይተህ አትደንግጥ፣ ይሄዳል። የመመለሻ ቲኬትህን ግን ቀን ላይ ቁረጥ። ማታ ኔትወርኩ ስለሚጨናነቅ ስልክ ላይ እከፍላለሁ ብለህ እንዳትተማመን።

መልስ፦
እኔ ሁሌም የቅርቡን ጣቢያ ለሌላው እተወዋለሁ። የለንደኑን ዌምብሌይ ውሰድ፦ 90,000 ሰው ይይዛል፣ በእግር የሚደረስባቸው ሦስት ጣቢያዎች አሉት፣ ሰዉ ግን በብዛት ዌምብሌይ ፓርክ የተባለው ጣቢያ ላይ ይረባረባል። አንተም ካርታ አውጥተህ በሌላ መስመር ላይ ያለ ጣቢያ ፈልግ። እህትህ የሚመች ጫማ ታድርግ፣ ሂል ጫማ እንዳታስብ።

መልስ፦
የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ እዩ፤ መቀያየሪያ ካለው የሁለተኛውንም። ትልቅ ቦርሳ ደግሞ ብዙ ቦታ በር ላይ ይመልሳሉ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለተኛው ጣቢያ ተገኝቷል። የቦርሳው ነገር ግን ከእህቴ ጋር ሌላ ጦርነት ነው።