ደብልዩ ስትሪት ላይ ያለው የማሪ አን ሻድ ኬሪ ቤት

ታክሲ ነጂው፦
ሰላም ወገኖች። ዲሲ ነው የምኖረው፣ ታክሲ እነዳለሁ። ከዩ ስትሪት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ደብልዩ ስትሪት 1421 ላይ አንድ የጡብ ቤት አለ። ባለፈው አንዲት ጥቁር አሜሪካዊ እናት ጭኜ ስናልፍ «ይሄ የማሪ አን ሻድ ኬሪ ቤት ነው፣ ጋዜጠኛም አስተማሪም ነበረች» አሉኝና ብዙም ሳይነግሩኝ ወረዱ። የእኛ ሰው እንጀራ ሊበላ የሚመላለስበት ሰፈር ነው፣ እኔም ስንት ዓመት ሳልፍ ሰምቼ አላውቅም። የ12 ዓመቷ ልጄ ጋዜጠኛ እሆናለሁ ትላለች፣ ልነግራት ፈልጌ ነው። የምታውቁ እስቲ።

ከቶሮንቶ፦
ወንድሜ፣ ጥሩ ሰው ነው የጫንከው። ማሪ አን ሻድ በ1823 አሜሪካ፣ ደላዌር ውስጥ ዊልሚንግተን ተወለደች (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው)። ከ13 ልጆች ታላቋ ናት። ቤተሰቡ ነፃ ነበር። አባቷ አብርሃም ሻድ ጫማ ሰፊ ነው፣ ከባርነት ያመለጡትን ይደብቅና ያሻግር ነበር። በ1850 ያመለጠ ባሪያ ተይዞ ለጌታው ይመለስ የሚለው ሕግ ሲጠብቅ፣ ነፃ የሆነ ጥቁር እንኳ ባርነት በሌለበት በሰሜን አሜሪካ ግዛቶች ውስጥ ተይዞ ሊወሰድ ስለሚችል፣ በ1851 ወደ ካናዳ ተሻገረች። ዊንዘር ላይ ትምህርት ቤት ከፈተች። ለጥቁር ብቻ ይሁን የሚለውን አልተቀበለችም፣ በሩ ለሁሉም ክፍት ነበር። በ1853 ደግሞ «ፕሮቪንሻል ፍሪማን» የተባለውን ጋዜጣ ጀመረች። በሰሜን አሜሪካ ጋዜጣ በማሳተም የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት።

ቀለም፦
የስሟን ነገር ዘለልከው እኮ! ለልጅቷ መነገር ያለበት እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ጋዜጣው ላይ በአዘጋጅነት የወጣው ሳሙኤል ሪንጎልድ ዋርድ የሚባል ታዋቂ ሰባኪ ነው፣ ሥራውን የምትሠራው ግን እሷ። የሷ ስም «ኤም ኤ ሻድ» ተብሎ ብቻ ስለሚጻፍ አንባቢው ወንድ መስሎት ሚስተር እያለ ይጽፍላት ነበር። በ1854 ሙሉ ስሟን ጋዜጣው ላይ አወጣችና ሚስተር መባሉን አንወደውም አለች። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ደግሞ የራሷን ወገን አትፈራም ነበር። ሄንሪ ቢብ የሚባል ሌላ ጥቁር ጋዜጠኛ ነበር፣ ከባርነት አምልጠው ካናዳ በገቡት ስደተኞች ስም ልመና የሚወጡትን በመንቀፏ ከሱ ጋር ክፉኛ ተጣሉ። ለትምህርት ቤቷ የምታገኘው ድጋፍም ተቋረጠ። በስደት ሆኖ የወገንን ጥፋት መጻፍ ምን እንደሚያስከፍል እዚህ ያለን ሁላችን እናውቃለን፣ እሷ ግን ጽፋዋለች።

ታክሲ ነጂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ዲሲ እንዴት መጣች? ልጆችስ ነበሯት?

የዲሲ መምህርት፦
እኔ ልመልስልህ። በ1856 ቶማስ ኬሪ የሚባል ፀጉር አስተካካይ አገባች። ሁለት ልጆች ወለዱ፣ ግን በ1860 ባሏ ሞተ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ለሰሜኑ ጦር ጥቁር ወታደሮችን መለመለች፣ ያኔ ይህ ሥራ ለሴት እምብዛም አይሰጥም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ዲሲ መጥታ አስተማረች፣ ርዕሰ መምህርም ሆነች። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ መማር የጀመረችው በ1869 ነው፣ ዲግሪውን የያዘችው ግን በ1883፣ በ60 ዓመቷ! እኔ በ41 ዓመቴ ትምህርት ስመለስ ብዙ ሰው «አሁን ምን ያደርግልሻል» ብሎኝ ነበር፣ እሷን እያሰብኩ ነው የጨረስኩት። በ1893 አረፈች።

ታክሲ ነጂው፦
ቅዳሜ ከሥራ ቀርቼ ልጄን ወስጄ ቤቱን አሳያታለሁ። መጀመሪያ የምነግራት ግን ሚስተር አትበሉኝ ያለችውን ነው።