ሮም ያላችሁ ወገኖች እርዱኝ፦ የትኬቴና የፓስፖርቴ ስም አልገጠመም

ሰላም ወገኖች። ከስቶክሆልም ሮም የገባሁት ትናንት ማታ ነው፤ ነገ ስታዲዮ ኦሊምፒኮ ስታዲየም ገብቼ የሮማ ክለብን የእግር ኳስ ጨዋታ ለማየት ነው ሐሳቤ። ጣሊያን ውስጥ የኳስ ትኬት በስም ነው፤ በሩ ላይ ከመታወቂያ ጋር ያመሳክሩታል። ትኬቱን የቆረጠልኝ ጓደኛዬ የእኔንና የአባቴን ስም ጻፈ። ፓስፖርቴ ላይ ግን የቤተሰብ ስም ተብሎ የሰፈረው የአያቴ ነው። አሁን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካፌ ተቀምጬ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አያለሁ፤ ቡናው ቀዝቅዟል።

ስሙን ዛሬ ማስቀየር ይቻላል? ወይስ በሩ ላይ ባስረዳቸው ያሳልፉኛል? እንዲህ የገጠመው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። መንገዱ አያሳስበኝም፤ ከፍላሚኒዮ በ2 ቁጥር ትራም ሄጄ ፒያሳ ማንቺኒ እወርድና ድልድዩን በእግሬ እሻገራለሁ። የሮማውን ተጫዋች ቶቲን በቴሌቪዥን እያየሁ ነው ያደግኩት፤ እዚህ ድረስ መጥቼ ከበር መመለስ በጣም ይከብደኛል።